የበቅሎዋ ዋጋና የገብሱ ወጪ፦ ስለ ዘመናዊ ተዋጊ ጄቶች ሒሳብና ስለ ነገ ዕጣቸው



የንግግሩ ርዕስ በተለጠፈ ማግስት አንድ ባልደረባዬ «የልማት ኢኮኖሚክስ መምህርን ከተዋጊ ጄት ጋር ምን አገናኘው?» ብሎ ጠይቆኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም አጭር ነው። ኤፍ-35 የተሰኘው የአሜሪካ ተዋጊ ጄት በገንዘብ መጠን እስከ ዛሬ ከታወቁት የጦር መሣሪያ መርሐ ግብሮች ሁሉ የሚልቅ ሲሆን፣ ሒሳቡ ደግሞ በየጊዜው በአደባባይ ይመረመራል። አንድ መንግሥት ትልቅና ውስብስብ ዕቃ ሲገዛ ምን እንደሚገጥመው ለማስተማር ከዚህ የበለጠ የተመዘገበ ምሳሌ አላውቅም። ኤፍ-35ን ገዝቶ የማያውቅና ሊገዛም የማያስብ አገር ከዚህ ታሪክ የሚማረው አለ ብዬ አምናለሁ፤ በየሆስፒታሉ ጥግ ፕላስቲክ እንደለበሰ የቆመ የምርመራ ማሽን ያየ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል።

አስቀድሜ ሁለት ነገር ላሳስብ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ገንዘቡም በተለየ ካልጠራሁት በቀር የአሜሪካ ዶላር ነው።

የተዋጊ አውሮፕላን ዋጋ ማሻቀብ አዲስ ወሬ አይደለም። ኖርማን ኦገስቲን የተባሉ አሜሪካዊ መሐንዲስና የኢንዱስትሪ መሪ፣ ከመጀመሪያዎቹ አውሮፕላኖች አንሥቶ የእያንዳንዱን ትውልድ ዋጋ በወረቀት ላይ እያስቀመጡ ሲከታተሉት፣ ዋጋው በየዐሥር ዓመቱ ወደ አራት እጥፍ እንደሚያድግ ተመለከቱ። የመከላከያ በጀት ደግሞ በዚህ ፍጥነት አያድግም። ሁለቱን መስመሮች ወደ ፊት ሲስቧቸው በ2054 ላይ ተገናኙ፤ በዚያ ዓመት የአሜሪካ የመከላከያ በጀት በሙሉ የሚገዛው አንድ አውሮፕላን ብቻ ይሆናል ማለት ነው። አየር ኃይሉና ባሕር ኃይሉ ሳምንቱን እኩል ተካፍለው በተራ እንዲያበሩትም በቀልድ ሐሳብ አቀረቡ። ቀልዱ በ1980ዎቹ በመጽሐፋቸው ታትሞ ወጣ። ሰውየው ከዓመታት በኋላ ኤፍ-35ን የሚሠራው የሎክሂድ ማርቲን ኩባንያ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆኑ፤ ይህን የምጠቅሰው እሳቸውን ለመንቀፍ ሳይሆን፣ ችግሩን ጠንቅቆ ማወቅ ብቻውን ችግሩን እንደማይፈታው ስለሚያሳይ ነው።

የኦገስቲን መስመር ከጀርባው አንድ ቀላል የሒሳብ አካሄድ አለው። ለሰርግ ሰፊ ድንኳን ተከራይታችሁ፣ ወጥ ሠሪ ቀጥራችሁ፣ ለአምስት መቶ ሰው ደግሳችሁ መቶ ሰው ብቻ ቢመጣ፣ የድንኳኑ ኪራይ አይቀንስም፤ ለአንድ እንግዳ የወጣው ወጪ ግን ሰማይ ይነካል። የጦር አውሮፕላን ምርምርና ልማት እንደዚያ ድንኳን ነው። ዋጋው ሲንር ኮንግረሱ የሚገዛውን ቁጥር ይቀንሳል፤ ቁጥሩ ሲቀንስ የልማቱ ወጪ በጥቂት አውሮፕላኖች ላይ ይከመርና የአንዱ ዋጋ እንደ ገና ይንራል፤ ከዚያም እንደ ገና ይቀነሳል። ቢ-2 የተሰኘው ቦምብ ጣይ 132 እንዲሆን ታቅዶ በ21 ቆመ፤ ልማቱ ተደምሮ ሲካፈል አንዱ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ፈጀ።

ኤፍ-22ም በዚሁ መንገድ ሄደ። ንድፉ በ1991 ሲመረጥ አየር ኃይሉ 750 ያህል ለመግዛት አስቦ ነበር። አውሮፕላኑ ሥራ ላይ የዋለው በ2005 መጨረሻ ነው፤ ይኸውም የታቀደለት ጠላት ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰ ከ14 ዓመት በኋላ። በ2009 የመከላከያ ሚኒስትሩ ሮበርት ጌትስ ምርቱ እንዲቆም ወሰኑ፤ ሴኔቱም ከብዙ ክርክር በኋላ 58 ለ40 በሆነ ድምፅ ተስማማ። ለአገልግሎት የበቁት 187 ብቻ ናቸው። ልማቱን ጨምሮ እያንዳንዱ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበታል። ክርክሩ ለምን ያን ያህል እንደጠነከረ ለሚጠይቅ፣ ኩባንያው ራሱ የአውሮፕላኑ ክፍሎች በ44 ግዛቶች እንደሚሠሩ ይናገር እንደ ነበር ማስታወስ ይበቃል። ሴኔቱ በየግዛቱ ሁለት ወንበር እንዳለው ታውቃላችሁ።

ኤፍ-35 የተወለደው ይህን አዙሪት ለመስበር ነበር። ይህን ማስታወስ ተገቢ ነው፤ ዛሬ የብክነት ምሳሌ ተደርጎ የሚጠቀሰው መርሐ ግብር ሲፀነስ የቁጠባ ዕቅድ ነበር። አየር ኃይሉ፣ ባሕር ኃይሉና የማሪን ጓዱ ሦስት የተለያዩ አውሮፕላኖች ከሚሠሩ፣ አብዛኛው አካሉ አንድ የሆነ፣ በጥቂቱ ብቻ የሚለያይ አንድ አውሮፕላን በሦስት ዓይነት ይሠራላቸው ተባለ። ወዳጅ አገሮችም ገንዘብ አዋጥተው ይገዛሉ፤ ቁጥሩ ይበዛል፤ ዋጋው ይረክሳል። በወረቀት ላይ እንከን አይወጣለትም። በጥቅምት 2001 ሎክሂድ ማርቲን ውድድሩን ሲያሸንፍ ግምቱ ለ2,866 አውሮፕላኖች 233 ቢሊዮን ዶላር ነበር። በ2012 ዕቅዱ እንደ ገና ሲከለስ ቁጥሩ ወደ 2,457 ወርዶ ዋጋው ወደ 396 ቢሊዮን ወጥቷል። አራት መቶ የሚሆኑ አውሮፕላኖች ቀንሰው ከ160 ቢሊዮን በላይ ተጨመረ።

ምን ነካው? ከብዙዎቹ ምክንያቶች ሁለቱን ልምረጥ።

የመጀመሪያው የአንድነቱ ጉዳይ ነው። የማሪን ጓዱ በአጭር ሜዳ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚያርፍ አውሮፕላን ፈለገ። ለዚህም ከአብራሪው ጀርባ ትልቅ ማራገቢያ መቀመጥ ነበረበት። ባሕር ኃይሉ በአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ ስለሚያርፍ ሰፋ ያለ ክንፍና ብርቱ የማረፊያ እግር ፈለገ። አየር ኃይሉ ሁለቱንም አያስፈልገውም፤ ሆኖም የአካሉ ቅርጽ ማራገቢያውን እንዲያቅፍ ተደርጎ ስለ ተነደፈ፣ ማራገቢያ የሌለው ዓይነት ጭምር የማራገቢያውን ሥፍራ ተሸክሞ ይበርራል። በ2004 ቀጥ ብሎ የሚያርፈው ዓይነት ከታሰበው በላይ ከብዶ ተገኘ፤ ክብደቱን ለመቀነስ በተደረገው የንድፍ ለውጥ መርሐ ግብሩ ከዓመት በላይ ዘገየ፤ በየለውጡም ሦስቱ ዓይነቶች ይበልጥ ተለያዩ። በመጨረሻ የመርሐ ግብሩ ኃላፊ የነበሩት ጄኔራል ክሪስቶፈር ቦግዳን ሦስቱ የሚጋሩት ክፍል ከ20 እስከ 25 በመቶ ብቻ መሆኑን ተናገሩ። የራንድ የጥናት ተቋም በ2013 ባወጣው ጥናት በጋራ የተሠሩ የጦር አውሮፕላኖች ለየብቻ ከተሠሩት ርካሽ ሆነው እንዳልተገኙ አሳይቷል። የሦስት ልጆችን ልብስ በአንድ ልክ የሚያሰፋ ወላጅ ጨርቅ አይቆጥብም።

ሁለተኛው ምክንያት ጥድፊያ ነው። የሙከራ በረራው ሳይጠናቀቅ ምርቱ ተጀመረ። የመጀመሪያው የምርት ውል በ2007 ሲፈረም የልማቱ የሙከራ በረራ ያበቃው በ2018 ነው፤ በዚያን ጊዜ ከ250 በላይ አውሮፕላኖች ተረክበው ነበር። በሙከራው ላይ አንድ ስንጥቅ በተገኘ ቁጥር የተሠሩት ሁሉ ወደ ጋራዥ ይመለሳሉ። በኋላ የአየር ኃይል ሚኒስትር የሆኑት ፍራንክ ኬንዳል በ2012 የፔንታጎን የግዥ ኃላፊ ሳሉ ይህን አሠራር በሕክምና ላይ ከሚፈጸም የሙያ ጥፋት ጋር አመሳስለውታል። አነጋገራቸው የበዛ አይመስለኝም።

ይሁን እንጂ እስካሁን ያልኩት ሁሉ ስለ መግዣው ዋጋ ነው። ዛሬ ልናገር የመጣሁት ዋናው ጉዳይ ግን ከዚህ በኋላ ይጀምራል፤ ምክንያቱም የኤፍ-35 የመግዣ ዋጋ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየወረደ ሄዷል። በቅርብ ዓመታት ውሎች የአየር ኃይሉ ዓይነት 80 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው፤ ከራዳር መሰወር ከማይችለው ከአዲሱ ኤፍ-15 እንኳ ያነሰ ነው። ሻጩ ይህን ቁጥር ያነሣል፤ ቁጥሩም እውነት ነው። ችግሩ በቅሎ ሲሸጥ የበቅሎዋ ዋጋ ብቻ ነው የሚጠራው፤ ገብሱን፣ ጫማዋን፣ ጋጣዋንና ጠባቂዋን ማንም አይጠራም። በቅሎዋ ደግሞ ሃያ ዓመት ትበላለች። ይህኛዋ በቅሎ ስልሳ ዓመት ትበላለች።

የአሜሪካ ኮንግረስ የሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት፣ በተለምዶ ጂኤኦ የሚባለው፣ ገብሱን ይቆጥራል። በሚያዝያ 2024 ባወጣው ዘገባ መሠረት አውሮፕላኖቹን በአገልግሎት ዘመናቸው ለመጠገንና ለማንቀሳቀስ የሚያስፈልገው ግምት በ2018 1.1 ትሪሊዮን ዶላር የነበረው በ2023 ወደ 1.58 ትሪሊዮን አድጓል፤ በአምስት ዓመት ውስጥ 44 በመቶ። ከመግዣው ጋር ሲደመር ከሁለት ትሪሊዮን ያልፋል። ከአጠቃላዩ ሦስት አራተኛ የሚሆነው ገብስ ነው። የበለጠ የሚያስገርመኝ ግን ሌላው ግኝት ነው። አየር ኃይሉ ለአንድ አውሮፕላን በዓመት የምችለው 4.1 ሚሊዮን ዶላር ነው ብሎ ነበር። ግምቱ ወደ 6.6 ሚሊዮን ሲወጣ፣ እችላለሁ የሚለውን ጣሪያ ወደ 6.8 ሚሊዮን ከፍ አደረገ፤ አውሮፕላኑን ከታሰበው ያነሰ ሰዓት ለማብረርም አቀደ። በዚህ መንገድ ግቡ ላይ ተደረሰ ተባለ። የቤት አስተዳደር ቢሆን ኖሮ፣ በጀቱ ሳይበቃ ሲቀር በጀቱን በቃል አሳድጎ ምሳ መዝለል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ወጥቶ ምን ተገኘ? በመጋቢት 2023 ከአሜሪካ ኤፍ-35ዎች ለግዳጅ ብቁ የነበሩት 55 በመቶ ያህሉ ናቸው። ከ10 ሺህ በላይ ክፍሎች ጥገና እየጠበቁ ተከምረው ነበር፤ አንዱን ክፍል ለመጠገን በአማካይ 141 ቀን ይወስድ ነበር፤ ግቡ 60 ቀን ሲሆን። የጥገና ማዕከላቱ መቋቋም ከዕቅዱ ዓመታት ዘግይቷል፤ ምክንያቱም አውሮፕላን መሥራት ፎቶግራፍ ላይ ይወጣል፤ የጥገና ወርክሾፕ ማቋቋም አይወጣም።

በዚህ ላይ የሞተሩን ነገር ጨምሩበት። ዘመናዊ ጄት ውስጥ ያለው ኮምፒውተርና ራዳር ብዙ ሙቀት ያወጣል፤ ማቀዝቀዣው ደግሞ የሚሠራው ከሞተሩ በሚጠለፍ አየር ነው። በየጊዜው አዲስ መሣሪያ በተጨመረ ቁጥር ማቀዝቀዣው ሞተሩ ሲነደፍ ከታሰበው እጅግ የበለጠ አየር ይጠልፋል፤ ሞተሩ ይግላል፤ ቶሎ ያልቃል። ጂኤኦ በ2023 እንደ ገለጸው ይህ ብቻውን በአውሮፕላኑ ዘመን ላይ 38 ቢሊዮን ዶላር የጥገና ወጪ ይጨምራል። ንድፉን የሠሩት ሰዎች ሰነፎች አይደሉም። በ2001 የተወሰነ የሞተር አየር መጠን በ2040 ምን ያህል ኮምፒውተር እንደሚያቀዘቅዝ ማን ያውቃል? የስልሳ ዓመት ዕቃ መንደፍ ማለት ገና ያልተፈጠረ ሸክም ለመሸከም ጫንቃ መለካት ነው።

የመግዣውን ዋጋ ብቻ መጥራት በፖለቲካ ላይ የሚያስከትለውን መዘዝ ለማየት ወደ ካናዳ እንሂድ። በ2010 የካናዳ መንግሥት 65 ኤፍ-35 በ9 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር እንደሚገዛ አስታወቀ። በ2012 መጨረሻ ኬፒኤምጂ የተባለው የሒሳብ ድርጅት ሙሉውን ዘመን፣ 42 ዓመትን፣ ቆጥሮ ወደ 46 ቢሊዮን የሚጠጋ ቁጥር ይዞ ቀረበ። አገሩ ታመሰ። ልብ በሉ፤ በሁለቱ ዓመታት ውስጥ አውሮፕላኑ አምስት እጥፍ አልተወደደም። የተለወጠው የቁጥሩ ስፋት ነው፤ አንደኛው በቅሎዋን ብቻ፣ ሁለተኛው ከነገብሷ ቆጠረ። ሕዝቡ ግን ተታለልኩ አለ፤ አልፈርድበትም። ግዥው ተሰረዘ፤ በ2015 ምርጫ ጀስቲን ትሩዶ ኤፍ-35ን እንደማይገዙ ቃል ገቡ፤ ከረጅም ውጣ ውረድ በኋላ በ2023 ያው መንግሥት 88 ኤፍ-35 በ19 ቢሊዮን እንደሚገዛ አስታወቀ። በሰኔ 2025 የአገሪቱ ዋና ኦዲተር ቁጥሩ 27.7 ቢሊዮን መድረሱን፣ ለመሠረተ ልማትና ለጦር መሣሪያ ደግሞ ቢያንስ 5.5 ቢሊዮን ተጨማሪ እንደሚያስፈልግ ገለጹ። ዐሥራ አምስት ዓመት በክርክር አለፈ፤ አሮጌዎቹ ሲኤፍ-18 አውሮፕላኖችም በመለዋወጫ እየተደጋገፉ ይበርራሉ።

ስዊዘርላንድ ደግሞ ሌላ ዓይነት ምሳሌ ናት። እዚያ ሕዝቡ ራሱ ይጠየቃል። በ2014 ግሪፐን የተባለውን የስዊድን ጄት ግዥ ድምፅ ሰጪዎች ውድቅ አደረጉት። በመስከረም 2020 መንግሥት እስከ 6 ቢሊዮን ፍራንክ ለአዲስ ተዋጊ ጄት እንዲፈቀድለት እንደ ገና ጠየቀ፤ 50.1 በመቶ ደገፈ፤ ልዩነቱ ከ9 ሺህ ድምፅ በታች ነበር። በቀጣዩ ዓመት ኤፍ-35 ተመረጠ፤ የተሰጠው ምክንያት ደግሞ ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ ርካሹ መሆኑ ነው፤ ለ30 ዓመት ከነጥገናው 15.5 ቢሊዮን ፍራንክ፣ ከሚቀጥለው ዕጩ በ2 ቢሊዮን ገደማ ያነሰ። ገብሱን የቆጠሩት ስዊዞቹ ናቸው፤ ያን በማድረጋቸው አመሰግናቸዋለሁ። የ36ቱ ዋጋ የተቆረጠ፣ የማይለወጥ ነው ተብሎ ለሕዝብ ተነገረ። በ2025 ግን አሜሪካውያን ይህ አለመግባባት ነው፣ ዋጋው የተቆረጠ አይደለም አሉ፤ ተጨማሪው ከ650 ሚሊዮን እስከ 1.3 ቢሊዮን ይሆናል ተባለ። የስዊዝ መንግሥት የሕግ አማካሪዎች ውሉ የተቆረጠ ዋጋ እንደሚያሳይ ቢያምኑም ክርክሩን የሚዳኝ ፍርድ ቤት አልነበረም፤ ግዥው የሚፈጸመው በመንግሥታት መካከል በሚደረግ ስምምነት ነውና። በዓለም ላይ ውል በማንበብ ከስዊዞች የሚበልጥ ማን አለ? እነሱ ከተሳሳቱ ሌላው ምን ይሁን?

ከስዊዞቹ ታሪክ ወደ አንድ ጠለቅ ያለ ነጥብ እንለፍ። የገብሱ ነገር የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ገብሱ የማን ጎተራ ውስጥ እንዳለ የሚመለከትም ነው። ቱርክ ከኤፍ-35 ቀደምት አባላት አንዷ ነበረች፤ 100 ለመግዛት አቅዳ ነበር፤ ፋብሪካዎቿም የአካሉን ክፍሎች ይሠሩ ነበር። በ2019 ኤስ-400 የተሰኘውን የሩሲያ የአየር መከላከያ ስለ ገዛች ከመርሐ ግብሩ ተወገደች። ለእሷ ተሠርተው ያለቁ አውሮፕላኖች አሜሪካ ውስጥ ቀሩ፤ በቀጣዩ ዓመትም የአሜሪካ አየር ኃይል ስምንቱን ለራሱ ገዛ።

ይህ ለእኛ እንግዳ ታሪክ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር ኃይል ከ1960ዎቹ አንሥቶ ያበረረው ኤፍ-5 የተሰኘው ጄት ከዛሬው ርዕሳችን ጋር በቀጥታ ይገናኛል፤ ኖርዝሮፕ የተባለው ኩባንያ አውሮፕላኑን በ1950ዎቹ ሲነድፍ የዋጋውን ማሻቀብ ለመግታት፣ የሙሉ ዘመኑን ወጪ አስቀድሞ በማስላት ነበር። ሁለቱ ትንንሽ ሞተሮቹ መጀመሪያ የጠላትን ራዳር ለማሳት ለሚወነጨፍ ማዘናጊያ የተሠሩ ነበሩ። ቀላልና በቀላሉ የሚጠገን ነበር። በ1977 በኦጋዴን ሰማይ ላይ እነዚህ ርካሽ ጄቶች በወቅቱ ይበልጥ ፈጣን የነበሩትን የሶማሊያን ሚግ-21ዎች መትተው ጥለዋል፤ የአብራሪዎቹ ሥልጠና የአውሮፕላኑን ያህል፣ ምናልባትም ይበልጥ ወስኗል። ነገር ግን በዚያው ዓመት ከአሜሪካ ጋር የነበረው ግንኙነት ተበላሸ፤ ደርግ የቃኘው ጣቢያን ዘጋ፤ የጦር መሣሪያ አቅርቦቱ ቆመ፤ ከታዘዙት ኤፍ-5ዎች ከፊሎቹ ሳይደርሱ ቀሩ። አየር ኃይሉ ወደ ሶቪየት ሚጎች ሲሸጋገር ቴክኒሻኑ ያጠናው መመሪያ፣ መፍቻው፣ የመለዋወጫው መደብ ሁሉ ተለወጠ። ርካሹና የተዋጣለት አውሮፕላን እንኳ ገብሱ ከሌላ ሰው ጎተራ ሲመጣ ከዚህ አያመልጥም። ኤፍ-5 ግን ቢያንስ ብረትና ሽቦ ነበር፤ ጎበዝ መካኒክ አንዱን ፈትቶ ሌላውን ያቆም ነበር። ኤፍ-35 ከስምንት ሚሊዮን መስመር በላይ ሶፍትዌር ተሸክሞ ይበርራል፤ ሶፍትዌሩን የሚያድሰው አምራቹ ነው።

አንዳንዶቻችሁ በዚህ ሁሉ ላይ ተቃውሞ እንዳላችሁ እገምታለሁ፤ ተቃውሞው ጠንካራ ነውና ልጋፈጠው። አውሮፕላኑ ይሠራል። እስራኤል «አዲር» ብላ የምትጠራቸውን ኤፍ-35ዎች በውጊያ ላይ ማዋሏን በ2018 አስታውቃለች፤ በሰኔ 2025 በኢራን ላይ በተካሄደው ዘመቻም ተሳትፈዋል። እኔ አውሮፕላኑ አይረባም አላልኩም፤ አብራሪዎቹ በአንድ ድምፅ የሚያመሰግኑት ማሽን ነው። ክርክሬ ይህ ብቃት በምን ያህል አውሮፕላን፣ በዓመት በስንት ቀን፣ በማን ፈቃድ ይገኛል የሚል ነው። በዕለቱ ለመብረር ብቁ የሆነው ግማሹ ከሆነ መቶ የገዛ አገር ሃምሳ ነው የገዛው።

አሁን ወደ ነገው ልለፍ። ስለ ተዋጊ ጄት ሞት መተንበይ አደገኛ ሙያ ነው። በ1957 የብሪታንያ የመከላከያ ሚኒስትር ደንከን ሳንድስ ሰው የሚያበርረው ተዋጊ ጄት ዘመኑ እንዳበቃ፣ ሚሳይል እንደሚተካው የሚያሳይ ሰነድ አወጡ፤ ብዙ ፕሮጀክቶች ተሰረዙ። ወደ ሰባ ዓመት ሊሆነው ነው፤ ብሪታንያ ዛሬ ከጃፓንና ከጣሊያን ጋር ሆና በ2035 ሥራ ላይ የሚውል አዲስ ተዋጊ ጄት እየነደፈች ነው። ፈረንሳይ፣ ጀርመንና ስፔን ደግሞ በ2017 የተወጠነውን የራሳቸውን ጄት ይዘው በዳሶና በኤርባስ መካከል ማን ይመራል በሚለው ላይ ዓመታት ፈጅተዋል። ዋጋው ለአንድ አገር ስለማይቻል ይተባበራሉ፤ ሲተባበሩ ደግሞ ሦስት ጌታ ያለው አውሮፕላን ይሆናል። የኤፍ-35ን የአንድነት ችግር ያስታወሰ ሰው ይህን ሲሰማ ፊቱን ቢያጨማድድ አይፈረድበትም።

አሜሪካም ተጠራጥራ ነበር። የሚቀጥለው ትውልድ ጄት አንዱ በብዙ መቶ ሚሊዮን ዶላር እንደሚገመት ፍራንክ ኬንዳል ተናግረው ነበር፤ በ2024 አየር ኃይሉ ግዥውን አቁሞ እንደ ገና መረመረው። በመጋቢት 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ቦይንግ ኤፍ-47ን እንዲሠራ መመረጡን አስታወቁ። ከጎኑ የሚበርሩ፣ ሰው የማይሳፈርባቸው ረዳት ጄቶችም በ2025 የመጀመሪያ በረራቸውን አድርገዋል፤ የአንዱ ዋጋ ከኤፍ-35 ሲሶ ወይም ከዚያ በታች እንዲሆን ነው የታሰበው።

ወጣቶቻችሁ ይህን ስትሰሙ ተስፋችሁን በድሮን ላይ እንደምትጥሉ አውቃለሁ፤ በሰኔ 2025 ዩክሬን በጭነት መኪና ደብቃ ባስገባቻቸው ድሮኖች የሩሲያን ውድ ቦምብ ጣዮች ሜዳ ላይ እንዳሉ ስታቃጥል ዓለም አይቷል። ሆኖም አብራሪውን ማውረድ ብቻውን ዋጋን አያወርድም። ግሎባል ሆክ የተሰኘው የአሜሪካ ሰው አልባ የስለላ አውሮፕላን በ1990ዎቹ ሲጀመር የአንዱ ዋጋ ከ10 ሚሊዮን ዶላር እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። ልማቱ ሲደመር ከ200 ሚሊዮን በላይ ሆኖ አረፈው። አብራሪ አልነበረውም፤ ግን እያንዳንዱ ክፍል ይህንንም ይሸከም፣ ያንንም ይይ የሚል ጠያቂ ነበረው። አዲሶቹ ረዳት ጄቶች ርካሽ ሆነው የሚቀሩት ያነሰ እንዲሠሩ የሚፈቅድ አለቃ ካገኙ ነው፤ እንዲህ ያለ አለቃ በታሪክ ብዙ አልታየም።

ስለዚህ የኤፍ-47 ዋጋ ስንት ይሆናል ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ እኔ የምጠብቀው ሌላ ቁጥር ነው። የኤፍ-35 ውል ሲፈረም መንግሥት አውሮፕላኑን ራሱ ለመጠገን የሚያስችለውን ሙሉ የቴክኒክ ሰነድና መብት አልገዛም፤ ጂኤኦ በተደጋጋሚ የሚያነሣው ቅሬታ ይህ ነው፤ ጥገናውን ከአምራቹ እጅ ማውጣት የከበደውም በዚህ ምክንያት ነው። ኬንዳል በ2023 ስለ ቀጣዩ ጄት ሲናገሩ መንግሥት ይህን መብት እንደሚይዝ፣ የኤፍ-35ም እንዳይደገም እንደሚፈልጉ ገልጸው ነበር። አንቀጹ በውሉ ውስጥ ገብቶ ከሆነ፣ የአውሮፕላኑ መግዣ ከኤፍ-35 ብዙ እጥፍ ቢሆን እንኳ የዘመኑ ሒሳብ ሊለይ ይችላል። ካልገባ ግን የዋጋው ክርክር በ2012 ካናዳ እንዳየችው በመካከል ላይ እንደ ገና ይጀመራል። ኤፍ-35 በአሁኑ ዕቅድ እስከ 2088 ይበርራል፤ የመጨረሻውን የሚጠግነው ቴክኒሻን ገና አልተወለደም፤ በምን ሰነድ እንደሚጠግነው የተወሰነው ግን በ2001 ነው።

ሰዓቱን አልፌያለሁ፤ ጥያቄና ተቃውሞ ያላችሁ ማይክሮፎኑ በመካከለኛው መተላለፊያ ላይ ቆሟል።